የተሻለውን ሕክምና መፈለግ ግዴታ ነውን?



ባለፈው ዓመት በሰኔ መባቻ፣ ጉና ተራራ ጉሙን መከናነብ በጀመረበት ሰሞን፣ ከፋርጣ ገጠር አንድ አዛውንት ወደ እኛ መጡ። አዛውንቱ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመን አይደሉም። የነፍስ አባት አሏቸው፤ ጾሙን ይጾማሉ፤ እሑድ እሑድ ያስቀድሳሉ። ሆኖም ምራታቸው ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምር ልጃችን ናትና፣ «ከነፍስ አባቴ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ዳሩ ግን እናንተ በትምህርት ቤት ስለዚህ ነገር ብዙ መጽሐፍ አይታችኋል ይባላል፤ ከሁለት ወገን ብሰማ አይከፋም» ብለው አጠገባችን ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዛውንቱ ዳገት ሲወጡ ወይም ማረሻ ተሸክመው ሲሄዱ ደረታቸውን እንደ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ይይዛቸዋል፤ ቁጭ ሲሉ ይተዋቸዋል። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳርም ወደ አዲስ አበባ ተልከው በአንድ ሆስፒታል የልባቸው ደም ሥሮች ሲመረመሩ፣ ከታላላቆቹ ቅርንጫፎች አንዱ ረዘም ባለ ቦታ ላይ ጠቦ ተገኘ። ሐኪሙም በትዕግሥት አስረዷቸው። ሕመሙን በመድኃኒት ማስታገሥ ይቻላል። ይህ ካልበቃ ስቴንት የሚባለውን የብረት መረብ በጠበበው ሥር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሲገባም ከሥሩ ውስጥ ሆኖ በሚያይ አልትራሳውንድ እየተመሩ ቢያስገቡት የበለጠ አስተማማኝ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ቀጭን ቱቦ ግን በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚውል በመሆኑ ዋጋውን ቤተሰቡ መሸፈን አለበት።

ልጆቻቸው ተመካክረው ጥማድ በሬውንና የባሕር ዛፉን ለመሸጥ ተስማሙ። አዛውንቱ አልተስማሙም። ወደ እኛ ያመጣቸውም ይኸው ነበር። «አባ፣ እምቢ ብል ራሴን እንደ ገደልሁ ይቆጠርብኛልን?» ሲሉ ጠየቁን። አብሯቸው የመጣው የበኩር ልጃቸው ደግሞ የራሱን ጥያቄ አስከተለ፦ «ያለዚያ መሣሪያ ቢያስገቡላቸውስ፣ ሐኪሙ በጭፍን ሠራ ማለት አይደለምን?»

በዚያን ቀን አልመለስንላቸውም። ስለማናውቀው ነገር መፍረድ አልፈለግንምና አንድ ወዳጃችን የሆነ ሐኪም ዘንድ ሄደን ጠየቅን፤ የተጻፈውንም አነበብን። የአባትየው ጥያቄ የቆየ ነው፤ የልጁ ግን ለእኛም አዲስ ስለ ነበር ከእርሱ እንጀምራለን።

ልብ ደሙን ለመላው አካል ስትረጭ ለራሷም ቀለብ ያስፈልጋታል። ይህንን ቀለብ የሚያመጡላት ደም ቅዳ ሥሮች በላይዋ ዙሪያ እንደ አክሊል ስለሚከብቧት፣ አክሊል ከሚለው የላቲን ቃል ኮሮናሪ ተብለዋል። ውፍረታቸው ከስንዴ አገዳ እምብዛም አይበልጥም፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሐኪሞች እነዚህን ሥሮች የሚመለከቱበት የተለመደው መንገድ አንጂዮግራም ይባላል። ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ ቀለም ይረጫሉ፤ በራጅም ያነሡታል። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ግን ሥሩ ራሱ ሳይሆን በውስጡ የሚያልፈው ቀለም ጥላ ነው። ከጉና ላይ ሆነን የርብን ወንዝ ብንመለከት ውኃው ምን ያህል እንደሚሰፋ እናያለን፤ ከሥሩ ስንት ክንድ ደለል እንደ ተኛ፣ ዳርቻውም አፈር ይሁን አለት ግን አናይም። አንጂዮግራምም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሴይሞር ግላጎቭ የተባሉ የቺካጎ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ስብ በሥሩ ግድግዳ ላይ ሲከማች ሥሩ መጀመሪያ ወደ ውጭ ስለሚሰፋ፣ ክምችቱ የሥሩን ስፋት 40 በመቶ ያህል እስኪይዝ ድረስ የደሙ መተላለፊያ አይጠብም። ጥላው ጤናማ መስሎ ግድግዳው የታመመ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከውስጥ የሚያየው አልትራሳውንድ ይህንን ጉድለት ይሞላል። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚደረገውን አልትራሳውንድ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ይኸኛው ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ቱቦ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ደም ቅዳው ውስጥ ይገባል። በሰከንድ ከ20 እስከ 60 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ ጆሮ ሊሰማው የማይችል ድምፅ ይልካል፤ የሚመለሰውንም ማሚቶ ወደ ሥዕል ይለውጣል። ሐኪሙ በመስታወቱ ላይ የሚያየው ሸንኮራ አገዳ ተቆርጦ ፊቱ ሲታይ የሚመስል ክብ ነው። የሥሩን እውነተኛ ስፋት ይለካል፤ ክምችቱ የለሰለሰ ስብ ይሁን እንደ ኖራ የጠጠረ ይለያል። ከሁሉ ይልቅ የገባው ስቴንት በሚገባ መዘርጋቱንና በሁሉም ወገን ከግድግዳው ጋር መገጣጠሙን ያያል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሕክምናው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። አንድሬአስ ግሩንትሲግ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1977 በዙሪክ ከተማ የጠበበ የልብ ደም ቅዳን በትንሽ ፊኛ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰፉ። በፊኛ የሰፋው ሥር ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይዘጋ ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 ዣክ ፑዌል በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ የመጀመሪያውን ስቴንት በሰው ልብ ሥር ውስጥ አስቀመጡ። አሁን ደግሞ ሌላ ችግር ተፈጠረ። ደም በብረቱ ላይ እየረጋ ስቴንቱን በድንገት ይዘጋው ጀመር። ይህንን ለመከላከል ለሕሙማኑ ደም የሚያቀጥን ብርቱ መድኃኒት በላይ በላይ ይሰጣቸው ነበር፤ በዚህም የተነሣ ብዙዎች ደም ፈሰሳቸው። ሐኪሞች ጥፋቱን በደሙ ላይ አደረጉት።

በኢጣልያ የሚላኖው ሐኪም አንቶንዮ ኮሎምቦና ባልደረቦቻቸው ግን ያንን ትንሽ ዓይን ወደ ውስጥ አስገብተው ተመለከቱ። በራጁ ጥላ መልካም የሚመስለው ስቴንት ብዙ ጊዜ በሚገባ ሳይዘረጋ ቀርቶ፣ ወይም ከግድግዳው ተለይቶ በደሙ መካከል ቆሞ ተገኘ። ችግሩ ከደሙ ይልቅ በእጃቸው ሥራ ላይ ነበር። ፊኛውን በከፍተኛ ግፊት ነፍተው ስቴንቱን በሚገባ ከዘረጉት በኋላ ያንን ብርቱ መድኃኒት ለማስቀረት ደፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 የ359 ሕሙማንን ውጤት ባሳተሙ ጊዜም የረጋ ደም ያጋጠማቸው እጅግ ጥቂቶች መሆናቸው ታየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መሣሪያው የሌላቸው ሐኪሞችም ትምህርቱን ወሰዱ። በየአገሩ ስቴንት የሚያስገቡ ሁሉ ዓይኑ ሳይኖራቸው ፊኛውን አጥብቀው መንፋት ጀመሩ፤ በሚላኖ የታየው ነገር በሚላኖ ሳይወሰን ያላየውን ሐኪም እጅ አቀና። አዛውንቱ ያለዚህ መሣሪያ ቢታከሙም፣ የሐኪማቸው እጅ ሌሎች ካዩት የተማረ ነው። ስለዚህ ለልጁ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ «በጭፍን አልሠሩም» የሚል ነው።

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሙሉ አይደለም። በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት የሥነ ምግባር መምህሮቻችን ሊወገድ የማይችልን አለማወቅ ሊወገድ ከሚችለው እንድንለይ ያስተምሩን ነበር። ከ1990ዎቹ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ስቴንቱ አለመዘርጋቱን አላወቁም፤ ሊያውቁም አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ አይከሰሱም። ዛሬ ግን ልዩነቱ ተመዝኗል። እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ ኮርያ ውጤቱ የታተመ ጥናት በአስቸጋሪ ሁኔታ የጠበበ የልብ ሥር ያለባቸውን 1,639 ሕሙማን ተከታትሎ ነበር። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በልብ ሕመም መሞት፣ በታከመው ሥር ምክንያት የልብ ድንገተኛ ጥቃት ወይም ድጋሚ ሕክምና የደረሰባቸው፣ በውስጥ ዓይን ከተመሩት 7.7 በመቶ፣ በጥላው ብቻ ከተመሩት ደግሞ 12.3 በመቶ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2024 በቻይና፣ በኢጣልያ፣ በፓኪስታንና በእንግሊዝ አገር በ3,505 የልብ ድንገተኛ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናትም በአንድ ዓመት ውስጥ 4 በመቶን ከ7.3 በመቶ ለይቶ አሳየ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር፣ ጠባቡ ቦታ ረጅም ወይም አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ ከውስጥ ማየት እንደሚገባ በጥብቅ መክሯል።

ከመቶ ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት ያህል ማለት ነው። እኛ ይህንን ቁጥር ስናነብ ትንሽ መሰለን፤ ወዳጃችን ሐኪሙ ግን «ከሦስቱ አንዱ አባትህ ቢሆንስ?» ብሎ ዝም አሰኘን። እንግዲህ መሣሪያውም ሙያውም በእጁ እያለ በችኮላ ወይም በስንፍና ሳይጠቀምበት የሚቀር ሐኪም፣ የቀድሞዎቹ ሐኪሞች የነበራቸው ምክንያት የለውም። መሣሪያው የሌለው ግን ያለውን ጥላ አጥርቶ ካነበበ፣ ለሕመምተኛውም የማያየው ነገር እንዳለ በግልጽ ከነገረው፣ የሚገባውን አድርጓል። የአዛውንቱ ሐኪም ይህንን በመናገራቸው ልጁ ተጠራጠራቸው፤ እኛ ግን ይልቅ አከበርናቸው።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ማሰብ የጀመረችው ስቴንትም አልትራሳውንድም ከመታሰባቸው በፊት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በስጳንያ አገር በሳላማንካ ያስተማሩት የዶሚኒካን ማኅበር ካህን ፍራንሲስኮ ዴ ቪቶርያ፣ ሰው ሕይወቱን ሊጠብቅ ይገባዋል፣ ነገር ግን ዕድሜ ያረዝማል ቢባል እንኳ እንደ ዶሮ ያለ ውድ ምግብ እንዲበላ ወይም ለሕክምና ብሎ ሀብቱን ሁሉ እንዲያወጣ አይገደድም ብለው አስተምረዋል። (ዶሮ በሳላማንካም ውድ እንደ ነበረ ስናነብ ፈገግ ብለናል፤ የፋሲካን ዋዜማ ገበያ የሚያውቅ ይረዳናል።) ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1957 ለሐኪሞች ሲናገሩ፣ ግዴታ የሚሆነው ተራ የሚባለው መንገድ ብቻ መሆኑን፣ ተራ የሚባለውም እንደ ሰው፣ እንደ ቦታና እንደ ዘመን የሚለያይ መሆኑን አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 በሮም የወጣው መግለጫ ደግሞ ለአዛውንታችን የተጻፈ እስኪመስል ድረስ፣ በቤተሰብ ላይ ከባድ ወጪ ላለመጣል ብሎ ሕክምናን አለመቀበል ራስን ከመግደል ጋር አንድ አለመሆኑን ይናገራል።

በአዛውንቱ ሁኔታ ላይ ደግሞ ሕክምናው ራሱ የሚያቀልልን ነገር አለ። የእርሳቸው ሕመም በዳገት መጥቶ በዕረፍት የሚሄድ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተለወጠ ነው፤ ጠባቡም ቦታ ከዋናው ግንድ ላይ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2020 የታተሙ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች፣ በመድኃኒት ላይ ስቴንት መጨመር የደረት ሕመሙን ቢያቃልልም ዕድሜን እንደማያረዝም አሳይተዋል። አዛውንቱ ይመርጡ የነበረው በሕይወትና በሞት መካከል ሳይሆን፣ ዳገቱን ያለ ሕመም በመውጣትና በሬዎቹን ለልጆቻቸው በማቆየት መካከል ነበር። ልባቸው በድንገት የተዘጋ፣ ላብ ያጠመቃቸው ሕመምተኛ ቢሆኑ ኖሮ መልሳችን ሌላ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ሥሩን በሰዓታት ውስጥ መክፈት ሕይወትን ያድናልና፣ በሬ መሸጥ እንኳ ለክርክር የሚቀርብ አይሆንም።

ነገር ግን አንባብያን ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስፈራናል። «ተራ የሚባለው እንደ ቦታው ይለያያል» የሚለው ትምህርት እምቢ ያለውን ድኻ ከጸጸት የሚያሳርፍ ነው። የሀብታም መጽናኛ ሆኖ ሲጠቀስ ግን ሰምተናል። «ለገጠር ሰው ይህ ቅንጦት ነው፤ እንኳን የልብ አልትራሳውንድ ንጹሕ ውኃም የለም» ይባላል። እኛ ይህንን አንቀበልም። የፋርጣ ገበሬ ልብ ከሚላኖ ነጋዴ ልብ ያነሰ አይደለም። ትምህርቱ ሕመምተኛውን ግዴታ ቢያወርድለትም፣ ማምጣት የሚችለውን መንግሥት፣ ባለ ሀብትና ቤተ ክርስቲያንን ግዴታ አያወርድላቸውም። አንድ ጎረቤት ሌላው ያላገኘውን ሕክምና «ለአንተ አያስፈልግህም» ቢለው፣ በኢያሪኮ መንገድ ቁስለኛውን ዐይተው ካለፉት ሁለቱ በምን ይለያል?

በሌላ በኩል መሣሪያ ብቻውን ምን እንደሚሆን እኛ የደብረ ታቦር ሰዎች ከታሪክ እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማችን አጠገብ በጋፋት ላይ በአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለ እጆች ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጀ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ያስጠርጉለት ነበር። መድፉ መንገድ ያስፈልገው ነበር፤ ይህም ዓይን እንዲሁ ነው። በላይ ጋይንት ደረቱን ያመመው ሰው የልብ ምቱን በወረቀት የሚያነብለት ጤና ጣቢያ ካላገኘ፣ ከዚያም ደብረ ታቦር በጊዜ የሚያደርሰው አምቡላንስ ከሌለ፣ በአዲስ አበባ ያለው እጅግ የጠራ ዓይን ምንም አያይለትም።

በዚህ አካባቢ የሕፃናትንና የወጣቶችን ልብ የሚጎዳው ደግሞ በአብዛኛው ይህ የሥር መጥበብ አይደለም። ከጉሮሮ ቁስለት የሚጀምረው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። የጉሮሮው ሕመም በጊዜ በፔኒሲሊን ቢታከም፣ አንዴ የታመመውም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ቢወስድ፣ የልቡ በር ከመበላሸት ይድን ነበር። የአንዱ ቀጭን ቱቦ ዋጋ በብዙ መቶ ዶላር የሚቆጠር ሲሆን የዚህ መርፌ ዋጋ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ታዲያ አንዱን ትተን ሌላውን እንያዝን? ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃን ሲመሠርቱ፣ በዚህች ድኻ አገር የልብ ቀዶ ሕክምና ምን ያደርጋል የሚል ሊኖር ይችል ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ፤ ቀድሞ ወደ ውጭ አገር ካልተላኩ ተስፋ ያልነበራቸው ሕፃናት በአገራቸው መታከም ቻሉ። እኛ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል ፔኒሲሊኑን እናስቀድማለን፤ ይህንን አንደብቅም። «ምረጡ» የሚለው አነጋገር ግን ብዙ ጊዜ ለሁለቱም መስጠት ያልፈለገ ሰው የሚያመጣው ይመስለናል።

በሳምንቱ አዛውንቱ ሲመለሱ ይህንኑ በአጭሩ ነገርናቸው። እምቢ ቢሉ ኃጢአት እንደማይሆንባቸው፣ ነገር ግን ልጆቻቸው የሚሰጧቸውን በፍቅር የሚሰጡ እንጂ የሚበደሩባቸው አድርገው እንዳያዩ፣ ከሁሉም በላይ መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ ለመንናቸው። በኩሩ ልጅ አልተደሰተም፤ «እናንተም ከእርሳቸው ጋር ሆናችሁ» አለን። ልንወቅሰው አልቻልንም። የአባቱን ሕመም ማየት የከበደው እርሱ ነው፤ ማን ከበሬ ይልቅ አባቱን አይመርጥም? አባትየው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «በሬው ከሄደ በመኸር የሚራበው የእርሱ ልጅ ነው፤ እኔን ቢያድኑኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ብለው ተነሡ።

በታኅሣሥ ወር በደብረ ታቦር ገበያ አገኘናቸው። ከአንድ ኩንታል ድንች አጠገብ ቆመው ነበር። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ዐርፈው እንደሚወጡት፣ በሬዎቹም ጤነኛ መሆናቸውን ነገሩን። ከዚያም ከኮታቸው ኪስ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አውጥተው አሳዩን፤ ከአራቱ መድኃኒት አንዱ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በከተማው አልተገኘም። ከእኛ ወገን ሰሞኑን ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው እንዳለ ጠየቁን።